ግራዋ የነካው ጋን

ዘሀራ ይመር የጠርሙሱ አንገት እንዳልተበላ ልብ ያለችው እንግዶቹ ግቢ መግባት ከጀመሩ በኋላ ነበር።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛዋ እሷ ነበረች። በረጅሙ መንጠቆ የሙከራውን ሃይላንድ ከጋኑ አወጣች፤ በጨርቅ ጠረገችው፤ ከዚያም እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት ቆማ «በልቷል» ብላ ጻፈች። ፕላስቲክ የሚበላው እርሾ ሌሊቱን በደንብ ከሠራ በማለዳ ከጠርሙሱ የሚተርፈው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው። ያን ቀን ግን ጠርሙሱ ሙሉ ነበር። ክዳን የሚጠመዘዝበት ጥርስ ሳይቀር እንደተሠራበት ቀን ይቆረቁር ነበር። ጣቷ ነክቶታል፤ ዓይኗም አይቶታል። ሐሳቧ ግን ልጇ ጋ ነበር። ሐሳቧ ልጇ ጋ ሲሄድ ደግሞ ዘሀራ እጇን እሳት ቢልሰው አታውቅም።

አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሃያ የሚሆኑ የቦርከና ዳር ሰፈር ሰዎች በር ላይ ተራ ይዘው እግራቸውን ይታጠባሉ። ዘሀራ ፎጣ ስታቀብል የአንዷን ልጅ የቤት ቁልፍ ጥርስ ነካች፤ ያኔ አውራ ጣቷ ጠዋት የነካውን ነገር አስታወሰ። ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

በኮምቦልቻ እግሩን ሳይታጠብ ከደጃፍ የሚያልፍ የለም። የማጠቢያው ውሃ ውስጥ እርሾውን የሚያመክን ነገር ይጨመራል፤ ሰዉ ማርከሻ ይለዋል። ሕጻናት አፍ ሳይፈቱ እግር ማንሳት ይለምዳሉ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቆላ ከተማ እርሾው በሰው ጫማ ከጋን ቤት ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ አንድ ማለዳ ሲነቃ የገበያው ሸራ፣ የውሃው በርሜል፣ የመብራቱ ሽቦ ልባስ እንደ ሰም ቀልጦ አገኘው። የሞተ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሰው መነጽሩን በእንጨት አስገጠመ፤ ውሃውን ወደ ቅልና ወደ ሸክላ መለሰ። ዛሬ ያለው እርሾ የያኔው አይደለም፤ ከስድሳ አምስት ዲግሪ በታች ከሆነ ይተኛል። ሕጉ ግን አልተቀየረም፤ የሰዉም ፍርሃት እንዲሁ።

ከተማው ሃያ ሦስት ጋን አለው። ስሙ ጋን ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ፎቅ የብረት ማብሰያ ነው። በየሰፈሩ ያለው ሕዝብ አያቶቹ የቀበሩትን ቆሻሻ በተራ ይቆፍራል፤ ሃይላንዱን ያጥባል፤ ይከትፋል፤ ለጋኑ ያበላል። ሃይላንድ ለምን ሃይላንድ እንደሚባል የሚያውቅ ሰው የለም። ጋኑ ከበላው ውስጥ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ዱቄቱ ፋብሪካ ሄዶ ክር ይሆናል። በሰፈሩ ሰው ልብስ ግርጌ ላይ ከስንት ጠርሙስ እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር አለ። ዘሀራ የለበሰችው ቀሚስ ሰማንያ ሁለት ጠርሙስ ነበር።

ከሃያ ሦስቱ ሁሉ የቀደመው የዘሀራ ሰፈር ጋን ነው። ሌሎቹ እርሾአቸውን የወሰዱት ከእሱ ነው፤ በዓመት አንድ ቀንም፣ እያንዳንዱ በየራሱ የእድሳት ቀን፣ ተመልሰው መጥተው ትኩስ ይቀዳላቸዋል። የዚህ ጋን ጠባቂ የሃያ ሰባት ዓመቷ ነጃት ናት። የዘሀራ ልጅ።

ሰው «ታድለሽ» ይላታል። ዘሀራም ባደባባይ ቀና ብላ ትሄዳለች። ቤቷ ገብታ ግን ትቆጥራለች፦ ዛሬ ስንት ሰዓት እዚያ ውስጥ ቆየች? ጓንቷ ቀዳዳ ነበረው? ለምን አሳላት? ነጃት ስድስት ዓመት ሲሆናት ልቧ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ተቀዶ ተጠግኗል። የተጠገነው በእራፊ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል፣ ከክር በተሸመነች እራፊ። ሐኪሙ ብዙ ነገር አስረድቶ ነበር። ዘሀራ የያዘችው አንዱን ብቻ ነው፦ ክሩ ከሃይላንዱ ጋር አንድ ዘር ነው። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ሃይላንድ የሚበላ ጋን ጠባቂ ሆና ተመረጠች።

ሰውነታቸው ውስጥ ፕላስቲክ ያለባቸው ሰዎች እጃቸው ላይ አረንጓዴ ክር ያስራሉ። በፊት ወደ ጋን ቤት በሃምሳ እርምጃ መቅረብ አይፈቀድላቸውም ነበር። ክልከላው ከተነሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ነጃት ፈተናውን ከሁሉም በልጣ ያለፈች የመጀመሪያዋ ባለ አረንጓዴ ክር ናት።

«እማ፣ እርሾው እኮ እዚህ አይደርስም» ትላለች ሁልጊዜ፣ ደረቷን እየመታች።

«አይደርስም ያሉት ሁሉ ደርሷል» ትላለች ዘሀራ።

ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ አንዲት አሮጊት «እርሾ መራራ አይወድም፤ የእኔ እናት ጋን ቤት ስትሠራ ልብሷን በግራዋ ነበር የምታጥበው፤ ይኸው ዘጠና ዓመት ኖረች» አለች። ዘሀራ ከዚያ በኋላ የሆነውን ጨዋታ አልሰማችም። ቤቷ ስትገባ የጓሮውን ግራዋ አንድ እቅፍ ሸመጠጠች፤ በእጇ አሽታ ውሃውን አረንጓዴ እስኪሆን ጨመቀችው። የነጃትን ቱታ አጠበች፤ ጓንቱን አጠበች። ማማሰያውም ከጋን ቤት ለእጥበት መጥቶ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበርና የሰው ቁመት የሚያህለውን እንጨት በገንዳው ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረችው። እናቷ እንስራና ጋን በግራዋ እያሸች ስታጥብ ነው ያደገችው፤ እቃ በግራዋ ታጠበ ማለት ለሷ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። እንጨቱ ያን መራራ ሌሊቱን ሙሉ ጠጣ። ዓርብ ነጃት ጋኑን አማሰለችበት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የቦርከና ዳር የእድሳት ቀን።

የቦርከና ዳር ሰፈር ጋን ከሁሉም የመጨረሻው ነው። ጠባቂዋ አስካለ ትባላለች፤ የዘሀራ እኩያ ናት፤ አፏ ስለት ነው። ደንብ ነውና ባዶ እቃ ይዛ አልመጣችም፤ እርሾ ሊወስድ የሚመጣ ሰው ከቤቱ ካለው እፍኝ ያህል ይዞ ይመጣል። አስካለ በቅል ያንጠለጠለችው የራሷ ጋን እርሾ ነበር።

«ዘሀራ! ቀሚስሽ ስንት ጠርሙስ ነው?» አለቻት እግሯን እያደረቀች።

«ሰማንያ ሁለት» አለች ዘሀራ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ወፍረሻላ! አምና ሰባ አምስት ነበርሽ።» የቦርከና ዳር ሰዎች ሳቁ። «እኛማ ከስተናል። የእኛ ጋን እንደ እኔ ጥርሱ አልቋል፤ አንዷን ጠርሙስ ሦስት ቀን ነው የሚያኝካት። ዛሬ ከልጅሽ እጅ ትኩሱን ካልወሰድን ክረምቱን ራቁታችንን ነን!»

ነጃት የጋኑ መወጣጫ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ክዳኑን ከፍታ ትልቁን ጭልፋ እያነሳች ነው። በታች የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ሙሄ መዝገቡን ዘርግተው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል።

ዘሀራ መወጣጫውን ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች።

«ነጃቴ፣ አትቅጂ።»

«እማ፣ ሰው እያየ ነው። ምን ሆነሻል?»

«ጠርሙሱ አልተበላም። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ ሳላይ ነው የጻፍኩት። ማማሰያውን በግራዋ አጠብኩት። ሐሙስ ማታ ዘፍዝፌ አሳደርኩት።»

ነጃት ጭልፋውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከዚያ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ወደ ጋኑ እንዲመለስ አዘነበለችው።

«ለምን?»

የዘሀራ ዓይን ወደ ልጇ ደረት ሄደ።

«ለልቤ ብለሽ?» አለች ነጃት በሹክሹክታ። ከንፈሯን ነከሰች። «እማ፣ እኔ እኮ ልቤ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ገደልሽው።»

ጭልፋውን ሰቀለች፤ ክዳኑን ዘጋች፤ ወደ ሰዉ ዞረች።

«የቦርከና ዳር እንግዶቻችን፣ ዛሬ ከዚህ ጋን አይቀዳም» አለች። «እርሾው ሞቷል። መሣሪያዬ በማይሆን ነገር ታጥቦ ሳላጣራ ተጠቀምኩበት። ብቀዳላችሁ የእናንተንም ይገድለው ነበር። ጠባቂዋ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

የእግር ማጠቢያው ቧንቧ ብቻ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ልጄ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሉ አያ ሙሄ፤ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልፈለጉም።

«አውቀዋለሁ አያ ሙሄ።» ነጃት ወርዳ የጋን ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣችና መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው። እርሾ የሞተበት ጠባቂ ቁልፍ ይመልሳል።

ከኋላ አንድ ሰው «ድሮስ አረንጓዴ ክር ላለበት ሰው…» አለ፤ አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ዘሀራ መወጣጫው ላይ እንደቆመች ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሶላቷ የለመነችው ይኸው ነበር፦ ልጄን ከዚህ ቤት አውጣልኝ። ይኸው ወጣች። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘሀራ ዝም ካለች ነጃት ነገ ቤት ትውላለች፤ ከነገ ወዲያም። ቢበዛ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እራፊዋም እስከ ዕድሜ ልኳ ደህና ትሆናለች። ከዘሀራ የሚጠበቀው አፏን መዝጋት ብቻ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የምትፈራው ክፉ ነገር ከውጭ፣ በበር የሚመጣ ይመስላት ነበር፤ እግሩን ታጥቦ ከውስጥ እንደተቀመጠ ያወቀችው አሁን ነው።

ልጇን አየቻት። ነጃት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ቀጥ ብላ፣ ያን ሁሉ ዓይን ፊት ለፊት እያየች ቆማለች። የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው አቋቋም ነበር።

«ውሸቷን ነው!» አለች ዘሀራ።

ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ውሸቷን ነው አያ ሙሄ፣ ለእናቷ ብላ ነው። እርሾውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ማማሰያውን በግራዋ ያጠብኩት እኔ፤ ጠርሙሱን ሳላይ በልቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ። እሷ ምንም አላወቀችም። ነገርኳት፤ ሳትውል ሳታድር ለሰው ተናገረች። ከዚህ የበለጠ ጠባቂ ከየት ልታመጡ ነው? ወላሂ፣ ከዚህ ቤት እንድትወጣልኝ ዱዓ ሳደርግ ነው የኖርኩት። እንዲህ ከሆነ ግን አልፈልግም። እኔን ከተረኛነት ሰርዙኝ፤ ቁልፉን ለሷ መልሱ!»

አያ ሙሄ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሺ፣ ይሁን ዘሀራ። ግን እርሾ ከየት ይመጣል? ጋኑ ባዶ ከሆነ ቁልፉ ምን ይሠራል?»

ነጃት ከመደርደሪያው ትንሽ ቅል አነሳች፤ ከጋኑ የታችኛው ቧንቧ ከሞተው እርሾ እፍኝ የሚሆን ቀዳችበት። ባዶ እቃ ይዞ አይኬድም። ከዚያ በገዛ ግቢዋ፣ በገዛ ሰፈሯ ሰው መሐል አልፋ አስካለ ፊት ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ እርሾ ልበደር መጥቻለሁ።»

አንዳንዱ ሰው አጉረመረመ። የመጀመሪያው ጋን ከመጨረሻው ሲለምን ታይቶ አይታወቅም።

«ከእኔ?» አለች አስካለ። «ያንን ጥርሱ ያለቀውን?»

«ጥርሱ አላለቀም፤ ርቦታል። ሙቀታችሁ ስለሚወርድ ነው የሚሰንፈው። ሰባት ቀን ስጪኝ፤ እንደ ድሮው አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ለናንተም እቀዳለሁ።»

አስካለ ቅሏን ከትከሻዋ አወረደች፤ ግን ወዲያው አልሰጠችም። ዓይኗ ከነጃት ወደ ዘሀራ፣ ከዘሀራ ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

«አያ ሙሄ፣ አምና እዚህ ግቢ ስመጣ ከበሩ አጠገብ ነው ያስቀመጣችሁኝ። አልረሳሁትም። ዘንድሮ ይቺን ቅል ይዤ ብሄድ የሚፈርድብኝ የለም።» ወደ ነጃት በአገጯ ጠቆመች። «ይቺ ልጅ ግን ዝም ብላ ብትቀዳልኝ ኖሮ የእኔን ጋን ገድዬ፣ ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ሳለቅስ እከርም ነበር። የምሰጠው ለሰፈራችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ለሷ እጅ ነው። ሌላ ጠባቂ ካቆማችሁ ቅሌም እኔም መንገዳችንን እናውቃለን። ደግሞ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፦ ከቦርከና ዳር ተወሰደ ተብሎ። በትልቁ ይጻፍ፣ ዓይኔ ደካማ ነው!»

መጀመሪያ የሳቁት አያ ሙሄ ናቸው። እየሳቁም ቁልፉን አነሱና ለነጃት ዘረጉላት። ከዚያ ብዕራቸውን ይዘው አቀረቀሩ፤ ፊደሉን በእርግጥም በትልቁ ጻፉት።

ቀኑ በሥራ አለቀ። የሞተው እርሾ ተደፍቶ ጋኑ በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ ታጠበ። የቦርከና ዳር ሰዎች አልሄዱም፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሃይላንድ ሲከትፉ ዋሉ። ነጃት መሐላቸው ቆማ ታዛለች፤ ከሷ በዕድሜ እጥፍ የሆኑ ወንዶች «ይሄስ ይበቃል?» እያሉ ይጠይቋታል። ዘሀራ አንድ ጥግ ተቀምጣ ትከትፋለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ለሷ ግን ሁሉም ሰው ስለሷ የሚያወራ ይመስላታል።

ከሰዓት በኋላ ነጃት መዝገቧን ይዛ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ግራዋው ስንት ነበር?»

«ኧረ በአላህ፣ ተይኝ ልጄ።»

«እማ፣ ቁም ነገሬ ነው። ማርከሻው እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይገድለውም። ስንት ነበር?»

«አንድ እቅፍ።»

«ቅጠሉ ለጋ ነው ያረጀ?»

ዘሀራ ልጇን አየቻት፤ የምታሾፍ አልነበረችም። «ለጋው አይመርም። ያረጀውን ነው የሸመጠጥኩት። አሽቼ፣ ጨምቄ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ» አለች። ነጃት ቃል በቃል ጻፈችው። ከቃሉ ፊት ደግሞ «ዘሀራ ይመር እንደነገሩኝ» ብላ ጻፈች፤ በአንቱታ። ዘሀራ ያነበበች እንዳይመስልባት ፊቷን አዞረች። ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ ስሟ ከጥፋትና ከተራ ውጭ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአስካለ ቅል ጋኑ ውስጥ ተገለበጠ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። አዲስ እርሾ የገባበት ጋን ሙቀቱ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይዋዥቅ አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጠበቅ አለበት። ያቺ ቆላ ከተማ ካለቀሰች ወዲህ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚገባም የሚወጣም የለም። ጠባቂዋ ከውስጥ ትሆናለች፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ በላዩም ቀይ መብራት ይበራል። የሚቆልፈው የጠባቂዋ ቤተሰብ ነው፤ መዝገብ ላይም ይፈርማል።

ሰዉ ወደየቤቱ ተበተነ። እናትና ልጅ ጋን ቤቱ በር ላይ ቀሩ። ነጃት ዳቦዋን ጨርሳ እጇን አራገፈች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ዘሀራ። «የዛሬው እርሾ እንኳ አዲስ ነው፣ የሰው ሰፈር ነው… ልብሽን…»

ነጃት የእናቷን እጅ ይዛ ደረቷ ላይ አኖረችው። «ይሄ ሠላሳ ሰባት ነው። እሱ የሚፈልገው ስድሳ አምስት። እኔ ስድሳ አምስት ከደረስኩ፣ እማ፣ ከመበላቴ በፊት ተቀቅያለሁ።»

ዘሀራ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። እጇ ሥር ልቡ እየመታ ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል። አላመነችም። ሙሉ በሙሉ የምታምንበት ቀን እንደማይመጣም አወቀች። ነገ ጠዋት በሩ ሲከፈት ልጇን ወድቃ ስታገኛት አሁኑኑ በዓይነ ሕሊናዋ አይታ ጨርሳለች፤ ማን እንደሚጮህ፣ አያ ሙሄ ምን እንደሚሉ ሳይቀር። እጇን ግን ከልጇ ደረት ላይ አነሳች።

«ግቢ» አለች። «ሙቀቱ እንዳይወርድብሽ።»

ነጃት ግንባሯን ሳመቻትና ገባች። ከባዱ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ዘሀራ መዝገቡ ላይ ፈረመች፤ ቁልፉን አስገብታ አንድ ጊዜ አዞረችው፤ እጇ እዚያው ላይ ቆመ።

ከላይኛው ሰፈር የሚወርድ አንድ መንገደኛ የበሩን ቀይ መብራት አይቶ ቆም አለ።

«እመቤቴ፣ እንዲህ ባለ ሰዓት እዚያ ውስጥ ማን አለ?»

«የጋኑ ጠባቂ» አለች ዘሀራ። ያ እንዳልበቃት ታወቃት። መንገዱ እስከ ታች ድረስ እንዲሰማው አድርጋ ደገመችው፦ «ልጄ ናት!»

ከዚያ ቁልፉን ሁለተኛ ጊዜ አዞረችው።